ወንዙ የጎደለ ቀን

ወንድሟ የስቱዲዮውን በር ሳያንኳኳ ገፍቶ ሲገባ የአንባቢዋ ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ከራስ ፀጉሩ እስከ ቦት ጫማው ጭቃ ለብሷል። እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ» አላላትም፤ በሩን እንኳ አልዘጋም።

«ወንዙ ጎድሏል ብለሽ አወራሽ?» አላት።

«አዎ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። ምነው ጋሼ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 

አንባቢዋ በከተማዋ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የጥንቃቄ መልዕክት የምታነብ ሴት ናት። ክረምት በገባ ቁጥር በየማለዳው ማይክራፎኑ ፊት ትቀመጥና ደራሽ ውሃ አትሻገሩ፣ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት አታብሩ፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ እያለች ትመክራለች። ከመከልከሏ ብዛት የከተማው ሰው «አትሂዱ» የሚል ቅጽል አውጥቶላታል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስትቆም «አትሂዱ መጣች፣ እንግዲህ ማንም አይንቀሳቀስም» ይሏታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር ራሷም የትም አትሄድም። ኑሮዋ ከቤቷ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት ስቱዲዮ ነው። አውቶብስ ቁልቁለት ሲጀምር ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ቤተሰቡ ወንዝ ዳር ሊዝናና ሲወርድ ቤት ጠባቂዋ እሷ ናት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ደስ የሚል ዜና አግኝታ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ሞልቶ ሲያጓራ የከረመው ወንዝ በአንድ ሌሊት ከጉልበት በታች መውረዱን ንጋት ላይ ከታች የመጣ የአውቶብስ ሾፌር ነገራት። በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ «መሻገሪያው ተከፍቷል፤ ሂዱ» የማለት ዕድል አገኘች። አጣጥማ ነበር ያነበበችው።

ወንድሟ የመንገድ ጥገና ግሬደር ነጂ ነው። በማለዳ ናዳ ሊጠርግ ወደ ላይኛው መንገድ ወጥቶ ያየውን አሁን በተቆራረጠ ቃል ነገራት። የተራራው ጎን ተገምሶ ገደሉ ውስጥ ወድቋል። ሸለቆውን እንደ ውታፍ ደፍኖታል። ከጀርባው ትናንት ያልነበረ ሐይቅ ተኝቷል። የትላልቅ ዛፎች ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው፤ እነሱም እሱ ቆሞ እያየ አንድ በአንድ ጠፉ።

«ወንዙ አልጎደለም፣ ሚጣ» አላት። በልጅነት ስሟ የሚጠራት ሲጨንቀው ነው። «ታግቷል። ያ የአፈር ክምር ደግሞ ዛሬን የሚያድር አይመስለኝም።»

አንባቢዋ ወደ ማይክራፎኑ ዞረች። ቀዩ መብራት ጠፍቷል፤ ኤሌክትሪኩ ከዜናው በኋላ ሄዷል፤ ጄኔሬተሩ ለጥገና ከተወሰደ ሰንብቷል። የስልክ ማማውን ሌሊት መብረቅ ስለመታው ስልክ የሚባል ነገር የለም። የፖሊስ መኪና ከድልድዩ ማዶ ሄዳ አልተመለሰችም። ከታች፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ሜዳ፣ አሸዋ የሚዝቁት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ ወደ ማዶ ገበያ የሚሻገሩት ሁሉ በዚህ ሰዓት ወንዙ ሆድ ውስጥ ናቸው። ያውም እሷን ሰምተው።

ወንድሟ የጥገናውን ፒክአፕ ይዞ እንደሚወርድ፣ እሷ ግን እዚያው ሆና መብራት እስኪመጣ እንድትጠብቅ ነገራት። እሷ ግን ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አንስታ ነበር።

«ሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለችው።

ለጣቢያው ቴክኒሻን በየትኛው መንገድ እንደሚወርዱ፣ መብራት ሲመጣም ምን ብሎ መናገር እንዳለበት አስረድታው ወጣች። መንገደኛ የሚሄድበትን ለሰው ነግሮ ይውጣ የሚለውን ምክር ለዓመታት ስታነብ ኖራ፣ በራሷ ላይ ስትሠራበት የመጀመሪያዋ ነበር።

ፒክአፑ ከከተማው ጠርዝ እንደወረደ ጉም ዋጠው። ወንድሟ አጭር መብራቱን አበራ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ቢኖር በጆሮው ለመስማት ሁለቱንም መስኮት አወረደ። አንባቢዋ የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ እግሯ የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ ከንፈሯ ሳይታወቃት መንቀሳቀስ ጀመረ። ርቀት ጠብቁ፣ ኩርባ ላይ አትቅደሙ፣ ፍሬን በድንገት አትያዙ።

«ሬዲዮውን ቀንሺው» አላት ወንድሟ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ጉሙ ሲሳሳ በረዶ መጣ። ጣሪያውን ደበደበው፤ ከመስታወት መጥረጊያዎቹ አንዱ ተገንጥሎ በረረ። ወንድሟ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። በየኩርባው ከላይ የሚፈነቀል ድንጋይ መንገዱን አቋርጦ ወደ ገደሉ ይዘላል። በእሷ በኩል ያለው ገደሉ ነው። ዓይኗን ጨፈነች፤ መልሳ ገለጠች። ስትጨፍን ያላየችው ሐይቅ ይታያታል፤ ከዚያ ገደሉን ማየት ይሻላል።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቡናማ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ነበር። ሲያዩት የጎማውን ግማሽ እንኳ የሚደርስ አይመስልም። ወንድሟ ሞተሩን አስጮኸ፤ ሮጦ ሊያልፈው ነው። እሷ ሳታስብ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው።

«ሥሩ አይታይም» አለችው።

ተቆጣት። ጊዜ እንደሌላቸው፣ ይህን የመሰለ ውሃ ሺህ ጊዜ እንዳለፈ፣ አሁን የስቱዲዮ ትምህርት የሚሰጥበት ሰዓት እንዳልሆነ ነገራት። እሷ ወርዳ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጇ ተሸክማ የውሃው መሀል ላይ ወረወረችው። ድንጋዩ አስፋልት ሲመታ አልተሰማም። ገባ፣ በቃ፣ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከፊታቸው ያለው የአስፋልት ጠርዝ እንደ ብስኩት ተቆርሶ ተከተለው። መንገዱ ከሥሩ ተበልቶ አልቆ ኖሯል። ወንድሟ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ።

ዞረው ድሮ እንጨት ጫኞች ይመላለሱበት የነበረውን አሮጌ መንገድ ያዙ። እዚያ ያለው ቅጠልና ጭቃ ብቻ ነው። መኪናው እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፤ የኋላ ጎማዎቹ ከጠርዙ ወጥተው አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ሞተሩም ጠፋ።  በእሷ በር በኩል የሚረገጥ መሬት የለም። ወንድሟ የራሱን በር በቀስታ ከፈተና በዓይኑ ጠቀሳት። በጉልበቱ ላይ ተስባ ወጣች፤ ስትወጣ ከመቀመጫው ጀርባ የነበረውን ከረጢት ጎትታ ይዛ ነበር። እሱ ተከትሎ እግሩን መሬት እንዳስነካ ፒክአፑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አነሳና ቀስ ብሎ ሄደ። ታች ሲደርስ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ የወደቀ ያህል።

ከረጢቱ ውስጥ ረጅም ገመድ፣ ፊሽካና የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ ነበረ። ወንድሟ ሰደርያውን አለበሳት፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አሰረ።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ እንዳትጥይው» አላት።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ገደል ውስጥ ነው። አንባቢዋ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁም እንደ ሳል አድርጎ አንገላታት። ከዚያ በእግር ቀጠሉ።

መሮጥ አይቻልም፤ መቆምም አይቻልም። እየተንሸራተቱ፣ በቁጥቋጦ እየተያዙ፣ በየትንሹ ወደ ላይኛው ሸለቆ እየዞሩ ጆሮ ይጥላሉ። አንድ ራቁት ጉብታ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ጉብታው ላይ ያለው አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው፤ ወንድሟ ወደ እሱ ሮጠ። አንባቢዋ ኮሌታውን ይዛ ወደ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ጎተተችው። እግራቸውን ገጥመው፣ ቁጢጥ ብለው፣ አንገታቸውን ቀብረው ዶፉን ችለው ጠበቁ። መብረቁ አለፈ። ወንድሟ ከጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ ዛፉን አየው፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልተነካም።

«ዛፉ ደህና ነው» አላት።

«እኛም ደህና ነን» አለችው፤ ተነሥታም ቀደመችው።

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ያስፈራቸው ጸጥታው ነበር። ውሃ ሲያጓራበት የኖረው ሰፊ መሬት ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። ጥቋቁር ድንጋዮች ያብለጨልጫሉ፤ በየኩሬው የቀሩ ዓሦች ጭራቸውን ይመታሉ፤ ወፎች ከሰማይ እየወረዱ ይለቅማሉ። የመኪናው መንገድ በድልድዩ ዞሮ ነው አሸዋው ሜዳ የሚደርሰው፤ እዚህ ጋ ቀጥ ብሎ ለሚያቋርጥ ግን ሜዳው ከማዶው ዳር በቅርብ ርቀት ላይ ነው። አንባቢዋ ወደ ሸለቆው አፍ አንገቷን አዙራ አየች። ከጠዋት ጀምሮ ማንም እንዳይረግጠው ስትመኝ የዋለችው መሬት ይኸው ነው። ወንድሟ ምን ይሻላል እንኳ ሳይላት ቀድማው ገባች።

መሀል ላይ፣ ከቀሩት ኩሬዎች ሁሉ ትልቁ አጠገብ ሲደርሱ፣ ሸምበቆው ተንኮሻኮሸ። ጉማሬ ነበር። ውሃው የከዳው፣ ቆዳው ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ የቀላ ወንድ ጉማሬ። በጉማሬና በውሃ መካከል አትቁሙ የሚለውን ስንት ዓመት አንብባዋለች። እነሱ የቆሙት በትክክል እዚያ ላይ ነው። አውሬውም ሌላ ውሃ የለውም።

አፉን ሲከፍት ወንድሟ በሁለት እጁ ወደ ማዶው ገፈተራትና ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ እየጮኸም ወደመጡበት ዳር ሮጠ። ጉማሬው ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ከሰው ፈጠነ። ወንድሟ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። አንባቢዋ ያየችው የአውሬው ጎን ሲያልፍበት፣ የሰማችው ደግሞ ደረቅ እንጨት የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ነው። ጉማሬው አልተመለሰበትም፤ ዞሮ ኩሬው ውስጥ ገባና ከሁለቱ መካከል ሆኖ ጀርባውን ብቻ አሳየ።

ወንድሟ በክርኑ እየተጎተተ ዳሩ ላይ ደረሰ። አንድ እግሩ መሆን ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። እሷ ወደ እሱ ልትመለስ ስትጀምር ጉማሬው አፉን ከፈተ።

«ሂጂ» አላት ወንድሟ።

«ጋሼ…»

«እኔ ወደ ላይ እወጣለሁ። ሰዎቹ ጋ ሂጂ፣ ሚጣ።»

ዙሪያዋን አየች። ከዳሩ በላይ ባሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የድሮ ጎርፍ አምጥቶ የሰቀለው ደረቅ ሣር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሣር በላይ እስኪደርስ እንዳይቆም፣ ቢያመውም እንዳይቆም ጮኻ ነገረችው። እጁን አነሳላት። ዞራ ሮጠች። ጭቃው አንድ ጫማዋን ይዞ ሲያስቀርባት ለማንሳት አልቆመችም።

አሸዋው ሜዳ ላይ ሥራው ደርቷል። ኤክስካቫተሩ ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ ቆሞ ይዝቃል፤ ገልባጭ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ከታች በኩል ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተሳሳቁ ይሻገራሉ። ወደ ላይ የሚያወጣው የመኪና መንገድ በሰንሰለት ተዘግቷል፤ ያለ አለቃው ፈቃድ የሚወጣ መኪና የለም። አለቃውን ሠራተኞቹ «ብረቱ» ይሉታል። አንገቱ ወፍራም፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው።

ብረቱ ያየው በጭቃ የተለወሰች፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ በአንድ ጫማ የምትሮጥ ሴት ነው። የሚቀናቀናቸው ሌላ የአሸዋ ማኅበር አለ፤ ከዚህ በፊት ተቆጣጣሪ መጣ እያሰኘ በሐሰት አስነስቷቸው ቦታቸውን ወርሶባቸዋል። ያ የተቃጠለ ሆዱ አልበረደለትም። ትንፋሽ እያጠራት የምትነግረውን ስለ ተራራው፣ ስለ ሐይቁ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ እንጂ።

«ማን ነው የላከሽ?» አላት።

«ማንም አልላከኝም። ውሃው እየመጣ ነው።»

«ወንዙን እያየሽው አይደል እንዴ? የቱ ውሃ?»

ሰደርያውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ ባለፈውም እንዲህ ያለ ልብስ አልብሰው እንደላኩባቸው ነገራት። ሁለት ዘበኞች ጠርቶ ሥራ እስኪያልቅ ዳስ ሥር አስቀምጧት አለ። አንዱ ክንዷን ያዘ፤ ሌላው ከረጢቷን ቀምቶ አንድ ገልባጭ ላይ ወረወረው። አንባቢዋ ዓይኗ ከሸለቆው አፍ አልተነሳም። ክንዷን የያዘው ሰው ሊያስቀምጣት ጎንበስ ሲል ሻርፗን እጁ ላይ ጥላለት አፈተለከች። የዚያው ገልባጭ በር ክፍት ነው፤ ሾፌሩ ጥላው ሥር ምሳውን ይበላል። ዘልላ ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ በክላክሱ ላይ በሙሉ ሰውነቷ ተኛችበት።

የሜዳው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ኤክስካቫተሩ እንኳ ክንዱን አንስቶ ቆመ። ያን ጊዜ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ተናገረች። አልጮኸችም። በየማለዳው በምትናገርበት፣ ዝግ ባለው፣ ከቤት ቤት በሚገባው ድምፅዋ ነበር።

«እንደምን አደራችሁ» አለች፤ ልማድ ሆኖባት። «ዛሬ ጠዋት ወንዙ ጎድሏል፣ ሂዱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ከላይ ተራራ ወድቆ ወንዙን ዘግቶታል፤ ሊፈነዳ ነው። ዕቃችሁን ተዉት። ልጆቻችሁን ያዙ። ወንዙን ተከትላችሁ አትሩጡ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ውጡ።»

ትንሽ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከአጣቢዎቹ አንዷ እጇን ከአረፋው አወጣች።

«አትሂዱ ናት እኮ» አለች ለጓደኛዋ። «ድምፅዋን አላወቅሽውም? በይ ተነሺ።»

ሳፋዋን ትታ ሄደች። ሌሎቹ ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ማንም የሚያስቆመው አልነበረም። አሸዋ ዛቂዎቹ አካፋቸውን እየጣሉ ወጡ፤ ሊሻገሩ መሀል የደረሱት ወደቀረባቸው ዳር ሮጡ። የገልባጩ ሾፌር ምሳውን ጥሎ ዘሎ መጣ፤ አንባቢዋ በሩን ከፍታለት ወደ ጎን ተጠጋች፤ እሱም ሰንሰለቱን በመኪናው አፍንጫ በጥሶ ወጣ። ሌሎቹ ገልባጮች ሰው ጭነው ተከተሉት።

ብረቱ በሩን በመዳፉ እየደበደበ ሲከተላቸው በድንገት ቆመ። ኤክስካቫተሩ እግር ሥር የሚንቆረቆረው ቀጭን ውሃ ጠቁሯል። ቅጠልና ቅርፊት ተሸክሟል። ከሸለቆው በኩል እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ ተነሳ፤ የወንዙ ወፎች በአንድ ጊዜ በረሩ። ብረቱ ወደ ሸለቆው አየ፤ ከዚያ ዞሮ ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ ሮጠ።

አንባቢዋ ኮረብታው ላይ ወርዳ ስታየው፣ ንብረቱ ከነፍሱ በለጠበት ብላ አዘነችበት። ኤክስካቫተሩን ግን አልነካውም። አልፎት ሄዶ፣ በዳሩ ጥግ በሸራ የተሠራች ትንሽ ድንኳን ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ሽማግሌ ዘበኛ እዚያ ተኝቷል፤ ጆሮውም ብዙ አይሰማም። ያን ሁሉ ክላክስ አልሰማም። ከብረቱ በቀር ያስታወሰውም አልነበረም።

ውሃው መጣ። ከሩቅ ሲያዩት ውሃ አይመስልም። ዛፍ ከነሥሩ፣ ድንጋይ፣ አፈር፣ ሁሉም እየተንከባለለ፣ ከፊቱ የጭጋግ መጋረጃ እየገፋ መጣ። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተርገፈገፈ። ብረቱ ሽማግሌውን በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ትከሻው ላይ ጭኖ ኤክስካቫተሩ ጋ ብቻ ደረሰ። ጣሪያው ላይ ገፍቶ አወጣው፤ እሱም ወጣ። ዳር ዳሩን የመጣው ውሃ በአንድ ትንፋሽ ከበባቸው።

የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር የብረቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሸሚዙን አውልቆ ሊገባ ሲንደረደር አንባቢዋ ቀበቶውን ያዘችው። ጠንካራ ሰው ነው፤ እየጎተታት ሄደ።

«አትገባም» አለችው። «ሁለቱን ልናወጣ ሦስት አናደርጋቸውም። ገመድ አለኝ።»

ከረጢቷ ገልባጩ ላይ ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ ከመኪናው መጎተቻ ላይ አሰሩ፤ ሌላው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው ኦፕሬተሩ ወረወረ። ውሃው ወሰደው። ስቦ እንደገና ወረወረ፤ አሁንም ወሰደው። ወደ ውሃው መምጫ ከፍ በልና ጣለው፣ ውሃው ራሱ ያድርስለት አለችው። ወደ ላይ ተራምዶ ሲወረውር ገመዱ ተጠምዝዞ ሄደና የኤክስካቫተሩ ክንድ ላይ ተያዘ። ብረቱ መጀመሪያ ሽማግሌውን በብብቱ ሥር አሰረው። ስበው አወጡት፤ ጭቃ እየተፋ፣ የብርድ ልብሱን ጥግ አሁንም እንደጨበጠ። እንደገና ሲወረውሩ ብረቱ ገመዱን ክንዱ ላይ ከመጠቅለሉ ኤክስካቫተሩ በጎኑ ተገለበጠ። በዚያ ክንድ ነው የጎተቱት። ዳር ሲደርስ ክንዱ ከትከሻው ወልቋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።  አንባቢዋ ምስጋና አልጠበቀችም፤ ወደ ላይኛው ወንዝ ዞራ ነበር።

ድልድዩ የለም። ልብስ ማጠቢያው፣ ድንኳኑ፣ የአሸዋው ክምር የሉም። ከኮረብታ እስከ ኮረብታ ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። ሰዎቹ ልጆቻቸውን እየዳሰሱ፣ ስም እየተጠራሩ፣ የጎደለ ሰው አለመኖሩን ደጋግመው ያረጋግጣሉ። አንዳንዶቹ መጥተው እጇን ያዙ። እሷ መቀመጥ አቃታት። የሚዘረጉላትን የውሃ ኮዳ ተቀብላ ሳትጠጣ ትመልሳለች። ወንድሟ ከማዶ ነው፤ በሕይወት ካለ። ከተማው ያለው ሰው እሱ የት እንዳለ አያውቅም። ድልድይ በሌለበት ወደ ማዶ የሚያሻግረው ከላይ፣ ገደሉ በሚጠብበት ቦታ ላይ የተዘረጋው የገመድ ድልድይ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ሰዎቹ ነገ ነፍስ አድን እንደሚመጣ፣ እስከዚያ እንድታርፍ ለመኗት። እሷ ባዶ እግሯን አየች።

«ጫማ የሚያውሰኝ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ከአጣቢዎቹ አንዷ የራሷን አወለቀችላት፤ ሰፊ ስለነበረ በጨርቅ አሰሩት። ኦፕሬተሩ ወንድሙን ለሾፌሮቹ አደራ ብሎ ገመዱን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ሳትጠይቀው ነው አብሯት መንገድ የጀመረው። ጨለማ ሲይዛቸው አንድ ድንጋይ ጥላ ሥር ተጠለሉ፤ ሲነጋ ቀጠሉ።  መንገድ ላይ ኦፕሬተሩ፣ ወንድሙ በሕይወቱ ማንንም አመስግኖ እንደማያውቅ፣ እንዳትቀየመው ነገራት። እሷ ሽማግሌውን ያስታወሰ ሰው ላይ ቂም እንደሌላት መለሰችለት።

የገመድ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሳንቃው እዚህም እዚያም ጎድሏል፤ ከሥሩ፣ በጣም ከሥሩ፣ ውሃው እያጓራ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረላትና ዓይኗን ጨፍና እሱን ይዛ እንድትሻገር ሐሳብ አቀረበ።

«ከጨፈንኩ የጎደለውን አላይም» አለችው።

ዓይኗን ገልጣ ተሻገረች። እያንዳንዱን ሳንቃ አየችው፤ በየክፍተቱም ወንዙን አየችው። ማዶ ስትደርስ ተንበርክካ ሣር ጨበጠች። ከዚያ ተነሳች።

ዳሩን ተከትለው ሲወርዱ ቀትር ላይ ፊሽካ ሰሙ። ደካማ፣ የተቆራረጠ ፊሽካ ነበር። አንባቢዋ በዚያ በሰው ጫማ ሮጠች። የጉማሬው ኩሬ የነበረበት ቦታ በውሃ ተውጧል፤ ዳሩ ተገምሶ ሄዷል፤ ደረቁ ሣር የተንጠለጠለባቸው ዛፎች የሉም። ከእነሱ በላይ፣ ትንሽ በላይ፣ አለት ላይ ጀርባውን አስደግፎ ወንድሟ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል፤ እግሩን በሸሚዙና በሁለት እንጨት አስሮታል። ያ እግር ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አልረገጠም።

አጠገቡ ወደቀች። ፊቱን በእጆቿ ዳሰሰች፤ ሙቀቱን፣ ጢሙን፣ በግንባሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ። 

«ሰዎቹስ?» አላት።

«ሁሉም ወጡ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። መልሶ ሲገልጠው የተበደረችውን ጫማ፣ የተቀደደውን ቀሚሷን፣ ከኋላዋ ቆሞ የሚያለከልከውን የማያውቀውን ሰው አየ።

«ምነው ቆየሽ?» አላት።

አንባቢዋ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እሱም እስኪያልፍላት ጠበቃት። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ኦፕሬተሩን በአንድ ወገን እንዲይዘው ጠቀሰችው፤ እሷ በሌላው ወገን ክንዱን አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

«ያዘኝ» አለችው። ክብደቱን ተሸክማ ዳገቱን ቀና ብላ አየችና የመጀመሪያውን እርምጃ ወሰደች።